የዕደላ ቁርስ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የክፍል ጽዳት እንዳለቀ፣ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ቁርስ ታደላቸው። የሚበላ ቁርስ አይደለም፤ የሚነገር ቁርስ ነው። ለጋኩ ፓንኬክ ደረሰው። ለቺናሚ ቶስት ደረሳት። በመስኮቱ በኩል ለተቀመጡት ኦምሌት፣ በመካከለኛው ረድፍ ላሉት ቤከን፣ ከኋላ ላሉት ደግሞ ወተት ተሰጣቸው። ፓንኬክ የሚገባው ለእኔ ነው በሚል ሁለት ወንዶች ልጆች ተጓተቱ። አንዲት ልጅ ቤከን ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ቤከን አልፈልግም ብላ አለቀሰች። የክፍሉ መምህርት ሂሳኤ ኩዋባራ የተራረፉትን የምግብ ሥዕል ካርዶች ደረቷ ላይ ይዛ ይህን ሁሉ ስትመለከት ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም ነበር። ዕድሜዋን በማስተማር የጨረሰች ሴት ንቀቷን ፊቷ ላይ አታሰጣም። ሆዷ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ሆዷ ደግሞ ሰፊ ነው።

ዕደላው የእሷ ሐሳብ አልነበረም። እሷ ብትሆን እንዲህ ያለ ጅልነት ማሰቡ ራሱ ያደክማት ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ከትምህርት ቢሮ የተላከው አማካሪ አቶ ኖሴ ነው። ረቡዕ ዕለት ወላጆችና ከየትምህርት ቤቱ የተጠሩ መምህራን ከክፍሉ ኋላ ቆመው የሚያዩት የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፤ አቶ ኖሴ ዝግጅቱን ሊያይ ባለፈው ሳምንት ብቅ ብሎ ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ አውስትራሊያ ሄዶ ሦስት ሳምንት ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ አውስትራሊያን ሳያነሣ ሻይ አይጠጣም። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት በቂ በሆነበት አገር እሱ የሰው እጅ ይዞ ይወዘውዛል። ኩዋባራ የቀኝ ትከሻዋን ያማታል፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ነግራዋለች።

በዚያን ቀን ልጆቹ ቁርሳችሁ ምንድን ነው ሲባሉ እንደ አመጣላቸው መለሱ። ሩዝ አሉ። ከአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራውን ሚሶ ሾርባ አሉ። ናቶ አሉ፤ ወዲያውም የተብላላውን አኩሪ አተር የሚወዱትና የሚጠሉት ለሁለት ተከፍለው ስለ ሽታው ተከራከሩ። አንዱ ከትናንት ማታ የተረፈ ጥብስ ዓሣ አለ። አቶ ኖሴ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማቸው። ልጆቹ እንደወጡ፣ "መምህርት፣ ሩዝና ሚሶ እዚህ ምን ይሠራሉ? ካርዱ ላይ ያለው ቶስት ነው" አላት።

"የሚበሉት ሩዝ ስለሆነ ነው" አለች ኩዋባራ።

"ዓላማችን እንዲበሉ አይደለም፤ ስለ ቁርስ እንዲናገሩ ነው። እኔ አውስትራሊያ ውስጥ ጠዋት ናቶ የሚበላ ሰው አላየሁም።"

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ማናቤ ነገሩ ሳያልቅ ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። ማናቤ ከቢሮ የመጣ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ትክክል ብለዋል የሚል ሰው ነው። ደግሞም ካርዶቹን በገዛ እጁ በፕላስቲክ ለብጦ ከጀርባቸው ማግኔት የለጠፈው እሱ ስለሆነ ሩዝን እንደ ግል ጠላቱ ያየው ጀመር። ካርድ የሌለው ምግብ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይለጠፋል? እንዲህ ሆኖ ልጆቹን ለራሳቸው ከመተው ቁርሱን መደልደል ይሻላል ተባለ። እንዳይረሱትም የየድርሻቸው ሥዕል ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ እንዲጣበቅ ታዘዘ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄው ነው።

ኩዋባራ እሺ አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም በዚህ ተረት እየተመራች እስከ ጡረታዋ ደጃፍ ደርሳለች። አንዱ የቢሮ ሰው መጥቶ ጠረጴዛዎቹን ክብ አድርጊ ሲላት ክብ አድርጋለች። ቀጣዩ መጥቶ ቀጥ አድርጊ ሲላት ቀጥ አድርጋለች። ሁሉንም ትንቃቸው ነበር፤ ሁሉንም ትታዘዛቸው ነበር። መናቋን እንደ ጀግንነት ቆጥራው፣ ከዚያ በላይ ምንም እንደማይጠበቅባት አምና ትኖር ነበር።

ለእንግዳ ቀን የሚሆን ሌላም ዘዴ አለ፤ እሱን እንኳ ኖሴ አላመጣውም። በዚያ አገር ያለ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ አውቀዋለሁ የሚል ግን የለም። እንግዳ ሲኖር ልጆች ሁሉ አንድም ሳይቀር እጃቸውን ያነሣሉ። መልሱን የሚያውቅ መዳፉን ይዘረጋል። የማያውቅ ይጨብጣል። መምህሯ የተዘረጋውን ብቻ መርጣ ትጠራለች። ከኋላ የቆሙት እንግዶች ግን የሚያዩት የእጅ ጫካ ነው፤ እንዴት ያለ ጎበዝ ክፍል ነው ይባላል። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ በየክፍላቸው ያንኑ ያደርጋሉ፤ ግን አብረው ይደነቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሚዮሪ ኢሶቤ ከኋላ ከወተቶቹ ጋር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ዓመቱ ከተጀመረ ወዲህ እጇ ተዘርግቶ አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትንሽ ጭብጧን ወደ ላይ ትሰቅላለች፤ እንግዳው ሲሄድ ታወርዳለች። ኩዋባራም ብዙ አላሰበችባትም ነበር። ከእንዲህ ያለ ልጅ መልስ አይጠበቅም፣ ረብሻም አይጠበቅም፤ መምህር እንዲህ ያለ ልጅ ሲሰጠው አመስግኖ ይረሳል።

ያን ሰኞ ግን ሌሎቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ ሚዮሪ ቀረች። ሰሌዳ የምታጸዳ መስላ የጸዳውን ቦታ ደጋግማ ስትፈገፍግ ቆየችና፣ ሳትዞር፣ "መምህር፣ ሸርጣን በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?" አለች።

"ክራብ። ለምን ፈለግሽው? ያንቺ ወተት ነው።"

"ወተት ሆዴን ይቆርጠኛል።"

ኩዋባራ ልትስቅ ነበር። ልጅቷ ግን በዚያው በሰሌዳው በኩል ሆና ቀጠለች። ነገሩን ቀስ በቀስ ነው ያወጣችው። እናቷ በወደቡ ላይ ሸርጣን በሚቀቀልበት መጋዘን ትሠራለች። በብርዱ ወራት ጀልባዎቹ የሚገቡት ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ እናቷ ሳይነጋ ወጥታ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ትውላለች። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት መጥታ የማታውቀው። የሌሎቹ እናቶች "የሚዮሪ እናት እውነት አለች ወይ?" ይባባሉና ልጆቻቸው ያንኑ ለሚዮሪ ያመጡላታል። እናቷ ከመውጣቷ በፊት ግን እግራቸው ተሰብሮ ገበያ የማይወጡትን ሸርጣኖች በሚሶ ትሠራና ድስቱን ከድና ትተዋለች። ሚዮሪ ጠዋት ያንን አሙቃ ትበላለች።

"ባሕሩ ከተቆጣ ጀልባ አይወጣም" አለች ሚዮሪ። "ጀልባ ካልወጣ ረቡዕ ትመጣለች። ነግራኛለች። እጄን ብከፍት ይጠሩኛል?"

"ምን ልትዪ?"

"የሠራችልኝን።"

ኩዋባራ እጠራሻለሁ አለች። ቃል መስጠት ቀላል ነው፤ በተለይ አቶ ኖሴ አጠገብ ሳይኖር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ያ በካርድ የሌለ ቃል ከዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሲወጣ የኖሴን ፊት እያሰበች ለብቻዋ ፈገግ አለች። ስለ ሚዮሪ አልነበረም ፈገግታዋ። ይህን በኋላ ነው የተረዳችው።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ በመስኮቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረቀት አሻንጉሊቶች ተሰቅለው አየች። ከናፕኪን የተጠቀለለ ራስ፣ አንገቱ በክር የታሰረ፣ በብዕር ዓይንና አፍ የተሣለለት። ልጆች ለሽርሽር ቀን ፀሐይ እንዲወጣላቸው የሚሰቅሉት ነው። እነዚህ ግን ሁሉም ቁልቁል ነበር የተሰቀሉት። ቁልቁል የተሰቀለ ዝናብ ይጠራል። ኩዋባራ ማን እንደሰቀላቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ጋኩ ወንበር ላይ ቆሞ የመጨረሻውን እያሰረ ነበር።

ጋኩ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ልጅ ነው። አፉ አያርፍም፣ እግሩ አያርፍም፣ ፓንኬክም ለእሱ የደረሰው አባቱ ከወላጆቹ ፊት ስለሚቆም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ኩዋባራ ከልጆቹ ሁሉ አንድ የምትንቀው ቢኖር እሱን ነበር። ነገ ማዕበል ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ እንግዶቹም እንዲቀሩ ተማክረው ነው ብላ ደመደመች። ሰነፎች አለቻቸው። ለአንድ ቀን ሥራ ፈርታችሁ ሰማዩን ትለምናላችሁ አለቻቸው። ከዚያ አሻንጉሊቶቹን እየነቀለች ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው። ጋኩ አፉን ከፈተ፣ ወደ ሚዮሪ አየ፣ መልሶ ዘጋው። እሱ አፉን መዝጋቱ ራሱ ሊያስገርማት በተገባ ነበር።

አሻንጉሊቶቹ ቢጣሉም ባሕሩ ተቆጣ። ረቡዕ ነፋሱ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ እያመጣ መስኮቱን ይደበድብ ጀመር፤ ከወደቡ አንድም ጀልባ አልወጣም። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ማናቤ ከጠዋት ጀምሮ ካርዶቹን በመሃረብ ሲወለውል ነበር።

እናቶቹ የየራሳቸውን የቤት ጫማ በቦርሳ ይዘው መጥተው በር ላይ ቀየሩ፤ ከክፍሉ ኋላ ተሰለፉ። ጥቁር የለበሱ፣ ዕንቁ ያሰሩ፣ የጸጉር ቤት ሽታ ያላቸው። እንግዶቹ መምህራን በጎን በኩል ወረቀታቸውን ይዘው ቆሙ። አቶ ኖሴ ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ ነው። ማናቤ የቪዲዮ ካሜራውን ከማቆሚያው ላይ አስተካክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል በሩ በቀስታ ተንሸራተተና አንዲት ሴት ጎንበስ እያለች ገባች። ጸጉሯ ርሷል። እጇ በእንፋሎት የቀላና ያበጠ ነው። እግሯ ላይ ያደረገችው በሩ አጠገብ ለእንግዳ የሚቀመጠውን የትምህርት ቤቱን አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ነው፤ የራስን ይዞ መምጣት እንደሚገባ የምታውቀው መጥታ የምታውቅ ሴት ናት። እናቶቹ ጥግ ላይ ቦታ ለቀቁላት፤ ለአንድ ሰው ከሚያስፈልገው ይልቅ ሰፋ አድርገው።

ሚዮሪ ዞራ አየቻት። ከዚያ ወደ ፊት ዞራ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ከድምፅ ማጫወቻው አንዲት ፈረንጅ ሴት "ለቁርስ ምን ትበላላችሁ?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። የክፍሉ እጅ ሁሉ ተነሣ። እናቶቹ ደስ አላቸው፤ ሲተነፍሱ ተሰማ። ኩዋባራ እንደ ለመደችው ከመዳፎቹ መካከል መምረጥ ጀመረች፤ ዓይኗም ወዲያው ከኋላ ረድፍ ላይ አረፈ። የሚዮሪ እጅ ተከፍቷል። ጣቶቿ እስከሚችሉት ድረስ ተዘርግተዋል።

ስሙ ኩዋባራ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ኖሴን አየችው፤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ደግኖ ቆሟል። ማናቤን አየች፤ በካሜራው ያያታል። "ቺናሚ" አለች።

ቺናሚ ተነሥታ፣ ወንበሯን ወደ ውስጥ ገፍታ፣ "አይ ኢት ቶስት" አለች። ቤቷ ጠዋት የሚበላው ሩዝ በዓሣ መሆኑን እዚያ ከቆመችው እናቷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እናቷም አጨበጨበች። ኩዋባራ ቶስቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፈች። ቀጥሎ እጠራታለሁ አለች በልቧ። ቀጥሎ ግን ከመስኮቱ በኩል ኦምሌት ጠራች። ከዚያም ቤከን። ቀጥሎ ማለት ለፈሪ ሰው የታወቀ ማረፊያ ነው። ጋኩ እንኳ ተነሥቶ "አይ ኢት ፓንኬክስ" ብሎ ጮኸ፤ አባቱ ከኋላ ለሁሉም እየዞረ ፈገግ አለ። በየጥያቄው የሚዮሪ መዳፍ ይነሣል። በየጥያቄው ኩዋባራ ከጎኑ ያለውን ትጠራለች።

ሽሽቷን ለራሷ ስታስረዳም ምክንያት አላጣችም። ካሜራ አለ። በካርድ የለም። ልጅቷ ብትሳሳት ነው የምትዋረደው። ለልጅቷ ብዬ ነው አለች። ይህን ስትል ግን ያ ሰፊ ሆዷ ውስጥ ለሌሎች ስታጠራቅም የኖረችው ንቀት ወደ ራሷ ዞረ። ከኋላ ጥግ ላይ ያለችው ሴት ሌላ ምንም አታይም ነበር፤ የልጇን እጅ ብቻ ነው የምታየው። እጅ ሁሉ ሲነሣ ሲነሣ፣ የእሷ ልጅ ብቻ ስትታለፍ ስትታለፍ እያየች ትንሽ ጎንበስ አለች። ለኩዋባራ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

የመጨረሻው ጥያቄ ሲቀር ሚዮሪ እጇን ዝቅ አደረገች። ጠረጴዛው ላይ አኑራ ጣቶቿን ሰበሰበች፤ ጭብጧ ከወተቱ ሥዕል አጠገብ ተቀመጠ። ከጎኗ የተቀመጠው ጋኩ አየ። ወደ ኩዋባራ ቀና ብሎ ደግሞ ረዘም አድርጎ አየ። ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ በክርኑ ጎሸመው፤ ያ ልጅ የፊቱን ነካ፤ ቺናሚ ዞረች። ኩዋባራ እንግዳ ፊት ሊረብሹ ነው ብላ ሰጋች። ማጫወቻውን ከፈተች። ፈረንጇ ሴት ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ቁርስ ጠየቀች።

እጆች ሁሉ ተነሡ፤ ከእስከ አሁኑ ሁሉ በለጠ ፍጥነት። ከኋላ አንዲት እናት "ጉድ ነው፣ አንድ እንኳ አይቀር" ስትል ተሰማች። እንግዶቹ መምህራን ጻፉ። ኖሴም ጻፈ። ኩዋባራ ግን ቆማ ቀረች። የተነሣው ሁሉ ጭብጥ ነበር። የቺናሚ ጭብጥ ነው። የኦምሌቶቹ ጭብጥ ነው። ቶስት፣ ኦምሌት እያለ ሁለት ቀን ሲለማመድ የሰነበተው ሁሉ አላውቅም ብሏል። የጋኩ ጭብጥ ከሁሉም በላይ ተሰቅሏል፤ በሌላው እጁ ደግሞ የሚዮሪን ጀርባ ነካ ነካ እያደረገ፣ "ክፈቺው እንጂ" ሲል ከንፈሩ ይነበባል።

ኩዋባራ ያን ጊዜ አሻንጉሊቶቹ ትዝ አሏት። ዝናቡን የለመኑት የሚዮሪ እናት እንድትመጣ መሆኑ ገባት። ቅርጫት ውስጥ ስትጥላቸው የጋኩ አፍ ለምን እንደተዘጋ ገባት። አፈረች፤ ሰው እንደሚያፍረው ሳይሆን መምህር ተማሪው ቀድሞት ሲያርመው እንደሚያፍረው።

ሚዮሪ እጇን አነሣች፤ ከፈተችው።

"ሚዮሪ" አለች ኩዋባራ።

ልጅቷ ተነሣች። ወንበሯን ገፋች። "አይ ኢት ክራብ" አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቁት በላይ ጎላ ብሎ ወጣ።

ከእናቶቹ መካከል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሸርጣን ለእንግዳ የሚቀርብ፣ ለስጦታ የሚታሰር ነገር ነው፤ በወደቡ ሰዎች ቤት ጠዋት ጠዋት የሚበላው ግን የማይሸጠው ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ኖሴ ወደ ፊት ራመድ አለ። ሰው ሲያየው የሚያሳየውን ፈገግታ አድርጎ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ፤ የጠረጴዛዋን ጥግ አየና፣ "ጎበዝ፣ ጎበዝ። ግን የጠየቅንሽ ቁርስ ነው እኮ፤ የሠርግ እራት አይደለም። ያንቺ ወተት ነው አይደል? ወተት እንበል እስቲ" አላት።

"ወተት ሆዴን ይቆርጠኛል" አለች ሚዮሪ በገዛ ቋንቋዋ። ልጆቹ ሳቁ። በእሷ አልነበረም የሳቁት።

"አቶ ኖሴ" አለች ኩዋባራ፤ ድምፅዋን አላነሣችም። "ልጅቷ መልሳለች። ቦታዎ ይመለሱ።"

ካርድ የለም። ስለዚህ ጠመኔ አንሥታ ከቶስቱና ከፓንኬኩ መካከል፣ ማናቤ በመስመር አስተካክሎ በተወው ንጹሕ ቦታ ላይ፣ ሸርጣን ሣለች። የቀኝ ትከሻዋ እያመማት ሣለች። ሥዕል አትችልም፤ የሣለችው እግር የበቀለበት ድንች ነው የሚመስለው። ሁለቱን መቆንጠጫዎች ጨመረችና ዞረች።

"ልክ ነው?" አለቻት።

ሚዮሪ ቆም ብላ አየችው። "እግሩ በዛ" አለች። "የኛ ቤት ሸርጣን አንዱ እግሩ ሁልጊዜ የለም።"

ኩዋባራ በጣቷ አንዱን እግር አጠፋች። ከኋላ ጥግ ያለችው ሴት ያን ጊዜ ሳቀች፤ ባበጠው እጇ አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እስኪረጥብ ሳቀች። ሚዮሪ ዞራ እናቷን አየች፤ ከዚያ ሳይፈቀድላት ተቀመጠች። ቀጥሎ ጋኩ ጭብጡን ፈታ። ሳይጠራ ተነሥቶ የእሱ ቤት ቁርስ ቀዝቃዛ ሩዝ በጥሬ እንቁላል መሆኑን፣ ፓንኬክ ቀምሶ የሚያውቀው የልደቱ ቀን ብቻ መሆኑን በገዛ ቋንቋው ለሁሉም ነገረ። አባቱ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መምህራኑ ሁሉ ስብሰባ ተቀመጡ። ኖሴ ከፊት ቆሞ የዕለቱን ትምህርት ገመገመ። ስለ አውስትራሊያ ጀመረና ወደ እጆቹ መጣ። እንደ ዛሬው ያለ የእጅ አነሣስ በሥራ ዘመኑ አላየም። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አንድም እጅ አልቀረም፤ ልጆቹ ምን ያህል እንዳወቁት ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ማናቤ ሲጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድ ደረሰ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበር አለ ኖሴ፤ ከካርዱ ውጪ የሆነ ቃል ገብቷል፣ ሰሌዳውም ተበላሽቷል። ማናቤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ ይህ ከእሱ ዕውቀት ውጪ የተደረገ መሆኑን ለመግለጽ ተነሣ፤ ተቀመጠም። ቪዲዮው ለአውራጃው ሲላክ ያ ክፍል ይቆረጣል ተባለ። ልጅቷም ትቆረጣለች ማለት ነው።

"በመጸው ይህንኑ ትምህርት ለአውራጃው ሁሉ እናሳያለን" አለ ኖሴ። "ያው ክፍል፣ ያው ካርድ፤ ሸርጣኑ ሳይኖር። የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ።"

የሁሉም እጅ ተነሣ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የማይነሣ እጅ የለም። ኩዋባራም አነሣች፤ የሚያማትን ቀኝ እጇን፣ እስከሚደርስበት ድረስ። ኖሴ ፈገግ እያለ ዓይኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲያንሸራሽር እሷ ጋ ደርሶ ቆመ። እሱም ቢሮ ሳይገባ ብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ አስተምሯል፤ እንግዳ ሲመጣም ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ያነሡ ነበር። ከንፈሩ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

እጇ ተጨብጦ ነበር። ኖሴ ወደ ወረቀቱ እስኪያጎነብስ ድረስም አላወረደችውም።